ሦስተኛው ገና

ሊባኖስ ውስጥ ገና ሦስት ጊዜ ይከበራል። ማሮናውያኑና አብዛኞቹ የአገሩ ክርስቲያኖች በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ቀን፣ አርመኖቹ ታኅሣሥ 28 ቀን፣ ኢትዮጵያውያኑ ደግሞ በማግስቱ ታኅሣሥ 29 ቀን ያከብሩታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መሥሪያ ቤት የሚዘጋባቸው ሕጋዊ በዓላት ናቸው፤ ሦስተኛው የቤት ሠራተኞች በዓል ስለሆነ የሚዘጋለት ቢሮ የለም። በ2013 ዓ.ም. የሊባኖስ መንግሥት በኮሮና ምክንያት በኅዳር ለሁለት ሳምንት ዘግቶት የነበረውን አገር ወሩ ሳያልቅ ከፈተው። ሬስቶራንቱም፣ መጠጥ ቤቱም፣ የምሽት ክበቡም ሥራ ጀመረ፤ ለበዓል ከውጭ የሚገባው ሊባኖሳዊ ይዞት የሚመጣው ዶላር ለደቀቀው ኢኮኖሚ እንደ ትንፋሽ ተቆጥሮ ነበርና። ገናው ተበላ፣ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ተጨፈረ፣ የአርመኖቹም ገና አለፈ። በዚህ መሐል በቀን አዲስ የሚያዘው ሰው ከ3,000 በለጠ፣ ሆስፒታሎች አልጋ አጡ፣ መንግሥትም አገሩ ለ25 ቀን እንዲዘጋ ወሰነ። ዕገዳው የጀመረው ሐሙስ ታኅሣሥ 29 ቀን ነው። በሳምንቱ ጥር 6 ቀን ደግሞ ቀንም ሌሊትም ከቤት መውጣት የሚከለክል ሰዓት እላፊ ተጨመረበት።

ይህን የማነሣው የሊባኖስ ካቢኔ ተሰብስቦ የሐበሾቹን ገና ለማበላሸት መከረ ብዬ አይደለም። ቫይረስ ባሕረ ሐሳብ አያሰላም፤ የጤና ሚኒስቴሩም ከዚያ በላይ ቢዘገይ ኖሮ የሚሞተው ሰው ይበዛ ነበር። ነገር ግን የመጀመሪያው ገና ፈንጠዝያ ዋጋው በሦስተኛው ገና ተከፈለ፣ ይህንንም ልብ ያለ የለም። በአገሪቱ ውስጥ ሩብ ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆኑ ይገመቱ ከነበሩት የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከጠቅላላ ሕዝቡ ጋር ሲተያይ ከአንዳንዶቹ ሃይማኖታዊ ማኅበረሰቦች የሚበልጥ ቁጥር ነው። ሊባኖስ 18 ሃይማኖታዊ ወገኖችን በሕግ አውቃ፣ ሥልጣን ሳይቀር በእነሱ ልክ እየከፋፈለች የምትተዳደር አገር ናት። እንደዚህ ያለ አገር ገና ሁለት ቀን ሊውል እንደሚችል ለማወቅ አስተማሪ አያስፈልገውም። የአርመኑን ገና ያወቀችው አርመኑ ዜጋና መራጭ ስለሆነ ነው። ኢትዮጵያዊቷ ግን በሰነድ ላይ የምትገኘው በአሠሪዋ ስም ሥር ነው፤ ይህ ሥርዓት ከፋላ ይባላል።

በዚያ ሰሞን የአውሮፓ ጋዜጦች የቤተሰብ ገና ስለቀረባቸው ስደተኛ ፈረንጆች ብዙ ጽፈዋል። ሐዘናቸው እውነተኛ ነበር፤ አልቀልድበትም። ዳሩ ግን የእነሱ ሐዘን አንድ ነገር ይዞ ይነሣል፤ ይኸውም ከዕገዳው በፊት መውጣት መቻላቸውን። የቤይሩቷን የቤት ሠራተኛ በዚህ ሚዛን ከለካናት እንሳሳታለን። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥናት 1,200 ሊባኖሳውያን አሠሪዎችን ጠይቆ ነበር። ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት የሠራተኛዋን ፓስፖርት ራሳቸው እንደሚይዙ፣ ከአምስቱ አንዱ ያህል ደግሞ ቤቱን እንደሚቆልፍባት ተናግረዋል። ይህን የመሰከሩት ተበደልን የሚሉት ሠራተኞች ቢሆኑ ማጋነን ነው ይባል ነበር፤ የመሰከሩት ግን ቁልፉን የያዙት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የአገሪቱ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከጥበቃው አውጥቷታል። በ2001 ዓ.ም. የተዘጋጀው ወጥ የሥራ ውል በሳምንት የ24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣታል፤ ያንን ዕረፍት ከቤት ወጥታ ታሳልፈው እንደሆነ ወይም እዚያው ማዕድ ቤት ትቀመጥ እንደሆነ ግን ውሉ ዝም ይላል። ዝምታውን የሚተረጉመው አሠሪው ነው። እንግዲህ ለብዙዎቹ ኮሮና ያመጣው አዲስ ነገር በሩ መዘጋቱ አልነበረም። አዲሱ ነገር ማዳሟም፣ ባሏም፣ ልጆቹም አብረው ቤት መዋላቸው ነው፤ ሦስት ጊዜ የሚቀርበው ማዕድ አምስት ጊዜ ሆነ፣ ከገበያ የገባው ዕቃ አንድ በአንድ በአልኮል ተጠረገ፣ የበር እጀታው በክሎሪን ታሸ፤ የእሷም ሥራ በዚያው ልክ በዛ።

መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ተቀምጦ ስለ ክልከላ የሚያስብ ሰው ሩቅ መሄድ አያሻውም፤ ጓሳ አለ። መንዞች ያንን የሣር ምድር ለዘመናት የጠበቁት በመከልከል ነው። አባ ቄራ የሚባሉት የተመረጡ ኃላፊዎች አካባቢውን ለሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጉታል፤ በዚያ ጊዜ ሣር ማጨድም ከብት ማሰማራትም አይቻልም፤ ሲደርስ በምክክር ይከፈታል፣ ለቤት ክዳኑም ለገመዱም ለገሳውም የሚሆነው ሣር ይታጨዳል። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ እስኪፈርስ ድረስ የቆየው ሰዉ መከልከልን ስለሚወድ አይመስለኝም። ክልከላው ከልካዩንም ይይዘው ነበር፤ ማብቂያም ነበረው፤ ሣሩ ሲከፈት ተካፋዩ የተከለከለው ራሱ ነው። የኮሮናን ዕገዳ በዚህ ብንመዝነው፣ ጉድለቱ ብዙ ቢሆንም፣ ያልፋል። የ2012 ፋሲካን እኛም ሚያዝያ 11 ቀን በየቤታችን እንድናከብር ተነግሮን፣ ተቸግረንም ቢሆን አድርገነዋል፤ ጳጳሱም ገበሬውም እኩል ነበሩና። የከፋላ ቁልፍ ግን የሚይዘው አንዷን ብቻ ነው፣ ማብቂያው አይታወቅም፣ ጥቅሙም ለዘጋው ነው። ሁለቱን ክልከላዎች በአንድ ስም ጠርቶ «ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ተዘግቶበት ነበር» ማለት ታዲያ ለሰሚው እውነት ቢመስልም ነገሩን ይሸፍነዋል።

«ልጅቷ የሄደችው ለገንዘብ ነው፤ ገናን ለማክበር ብትፈልግ አገሯ ትቀመጥ ነበር» የሚል አለ። ይህ አነጋገር ጨካኝ ከሆነ ሰው ብቻ አይመጣም፤ ገንዘብ የሚጠብቁ ወላጆችም፣ አንዳንዴ ራሳቸው ልጆቹም ይሉታል። የዕረፍት ቀኗን ሸጣ ትርፍ የምታገኝም ትኖራለች። ሆኖም ገንዘቡ ራሱ በየት በኩል ነው የሚያልፈው? ደመወዝ ሲቀር ለማን ይነገራል? ሐዋላ የሚላከው፣ ቆንስላ የሚኬደው፣ ከአገር ልጅ ጋር ተገናኝቶ «አንቺስ ስንት ይከፍሉሻል?» የሚባባለው ከቤት ሲወጣ ነው። ቤይሩት ዳር ባሉት በዶራና በቡርጅ ሐሙድ ሰፈሮች እሑድ እሑድ የሚሰበሰቡት ልጆች እንጀራና ቡና ፍለጋ ብቻ አይሄዱም፤ የትኛው አሠሪ እንደሚከለክል፣ የትኛው ኤጀንሲ እንደሚያጭበረብር የሚታወቀው እዚያ ነው። ስለዚህ ከመብቶቿ ሁሉ መቅደም ያለበት የመውጫው ቀን ነው እላለሁ፤ ከደመወዙ ጭማሪም ይቅደም። በ2012 ክረምት የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ ይህ በገሃድ ታየ። በይፋ አንድ ዶላር 1,507 ሊራ እየተባለ በጥቁር ገበያ ከ8,000 አለፈ፤ ደመወዝ ቆመ፤ አንዳንድ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው አምጥተው ሐዝሚየህ በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። ዓለም ያያቸው እነዚህን ነው፣ መንገድ ላይ ስለነበሩ። ደመወዟ ተቋርጦ እዚያው ቤት ውስጥ ሥራዋን የቀጠለችውን ግን ካሜራ አልደረሰባትም። ከዚያ ቤት መውጣት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያሳይ የቆየ ቁጥር አለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. ከ2007 መጀመሪያ እስከ ነሐሴ 2008 ባለው ጊዜ ቢያንስ 95 የቤት ሠራተኞች ሊባኖስ ውስጥ መሞታቸውን መዝግቧል፤ 40ዎቹን ኤምባሲዎቻቸው ራስን ማጥፋት ብለው መዝግበዋቸዋል፣ ሌሎች 24 ደግሞ ከፎቅ ወድቀው የሞቱ ናቸው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ለማምለጥ ሲሞክሩ ነበር።

አሠሪውስ? «ለኤጀንሲው በዶላር ከፍዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ኢቃማዋን፣ አውጥቼ፣ እሑድ ለቅቄያት ጠፍታ ብትቀርስ?» ይላል። ስጋቱ ተራ ሰበብ አይደለም፤ በከፋላ ሥርዓት እሷ ስትጠፋ ኪሳራው የእሱ ነው። ነገር ግን ሠራተኛን በቁልፍ ካልሆነ በውል ማቆየት የማይችል ሥርዓት ችግሩ ልጅቷ እግር ላይ አይደለም። ማንም አሠሪ ፀሐፊው ወይም አናጢው ሥራ ጥሎ እንዳይሄድ ቢሮው ውስጥ አይቆልፍበትም፤ የተሻለ ይከፍለዋል ወይም ሌላ ይቀጥራል። ሊባኖሳውያንም ይህን ያላሰቡ አይደሉም። በ2012 ማብቂያ ላይ የሥራ ሚኒስትሯ ላሚያ ያሚን አዲስ ውል አጽድቀው ነበር። ሠራተኛዋ ፓስፖርቷን እንድትይዝ፣ ሥራ እንድትለቅ፣ የሳምንት ዕረፍቷን ከቤት ውጭ እንድታሳልፍ የሚፈቅድ ነበር። የሠራተኛ አስመጪ ኤጀንሲዎች ማኅበር ከሰሰ፤ የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ጥቅምት 4 ቀን 2013 አፈጻጸሙን አገደው። ወረርሽኝ ያስገደደው ዕገዳ ሊጀመር ሦስት ወር የማይሞላ ጊዜ ሲቀረው፣ ሌላው ዕገዳ እንዲቀጥል ችሎት ላይ ተወሰነ ማለት ነው። ስለዚህኛው ግን እንደ ሰዓት እላፊው በየቀኑ አልተጻፈም።

«እንግዲያው አይሂዱ፣ ይከልከል» የሚለው ሐሳብ እኛ ዘንድ ደጋፊው ብዙ ነው፤ ሰሜን ሸዋም የልጆቿን አስከሬን ከአረብ አገር ስለተቀበለች ሐሳቡ ከየት እንደሚመነጭ ይገባኛል። ግን ተሞክሯል። ወደ ሊባኖስ መሄድ በ2000 ዓ.ም. ተከልክሎ ነበር፤ በጥቅምት 2006 ወደ ዓረብ አገሮች ሁሉ የሚደረገው ጉዞ ታግዶ እስከ 2010 ቆየ። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ደግሞ ስምሪቱ የሁለትዮሽ ስምምነት ወዳለበት አገር ብቻ እንዲሆን ደነገገ፤ ከሊባኖስ ጋር ያን ጊዜ ስምምነት አልነበረም። ይህ ሁሉ ሆኖ በኮሮና ጊዜ ሊባኖስ ውስጥ ከነበሩት የቤት ሠራተኞች አብላጫዎቹ የእኛ ልጆች ነበሩ። ክልከላው ጉዞውን አላስቀረውም፣ ወረቀቱን ግን አስቀረው፤ በደላላ እጅ፣ በሦስተኛ አገር በኩል የሄደችን ልጅ የሚያውቃት ቢሮ ስለሌለ በችግሯ ቀን ስሟን ከመዝገብ የሚያወጣላትም አልነበረም።

ከሁሉም ተቃውሞ የሚከብደኝ ግን ከሊባኖስ የሚመጣው አይደለም። አንድ ቤይሩታዊ ዞር ብሎ «እናንተስ አዲስ አበባ ላይ?» ቢለን ምን እንመልሳለን? ከመንዝ ወጥታ በደብረ ብርሃን በኩል አዲስ አበባ የምትገባ ልጅ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምትቀጠረው ሰው ቤት ነው፤ አረብ አገር ከዚያ በኋላ ይመጣል። በገና ዋዜማ ሽንኩርቱን የምትከትፈው፣ ዶሮውን የምታጥበው፣ እንግዳ ሲገባና ሲወጣ ቡናውን የምታፈላው እሷ ናት፤ በበዓሉ ቀን ወዴት ልሂድ ብትል የሚሰማት ቤት ስንት ነው? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ ሁሉ የሳምንት ዕረፍትና የሕዝብ በዓል ሲደነግግ የቤት ውስጥ ግላዊ አገልግሎትን ለብቻው ነጥሎ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሚያወጣው ደንብ ትቶታል። የሊባኖሱ አንቀጽ 7 ዘመድ እቤታችን አለ ማለት ነው። ይህ የሚገርመው ደግሞ ገና በእኛ አገር ወግ የሎሌ ቀን ጭምር ስለነበረ ነው፤ በገና ጨዋታ ሜዳ ላይ ባላባቱን ዱላ የነካው ሎሌ አይቀጣም፣ ያን ቀን ደረጃ ይቀራል። ያንን ወግ የምናወድስ ሰዎች ሠራተኛችን በዚያው ቀን ከግቢ እንዳትወጣ ማድረጋችንን እንዴት እንደምናስታርቀው አላውቅም፤ «የኛዋ እንደ ልጃችን ናት» የሚለው መልስ ግን ቤይሩትም ውስጥ በአሠሪዎች አፍ የሚሰማ ነው።

ይህ ተቃውሞ ታዲያ ክርክሬን አያፈርሰውም፤ ከየት እንደሚጀመር ይነግረኛል። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2003 ዓ.ም. ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 189 የቤት ሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት እንድታርፍ፣ በዕረፍቷም አሠሪዋ ቤት የመቀመጥ ግዴታ እንዳይኖርባት፣ ፓስፖርትና መታወቂያዋም በእጇ እንዲሆን ይላል። ከማንኛውም አገር ጋር የምንፈርመው የሥራ ስምምነት ደመወዝ ላይ ከመነጋገሩ በፊት ይህንን ይዞ ይነሣ፤ ሳምንታዊው ቀን በስም ይጻፍበት፤ ከእሱም ጋር ታኅሣሥ 29 እና ፋሲካ፣ ለሙስሊሞቹ ልጆችም ሁለቱ ዒዶች ይጻፉ። ተደራዳሪው ወገን «የኛ በዓል ያልሆነ ቀን እንዴት?» ካለ የአርመኖቹን ገና ማስታወስ በቂ ነው። ከመሄዳቸው በፊት በሚሰጠው ሥልጠናም ከልብስ መተኮሻውና ከምግብ አሠራሩ ጎን ውሉ ላይ ያለው የመውጫ ቀን የትኛው እንደሆነ፣ ቢከለከል ለማን እንደሚደወል ይነገራቸው። አዲስ አበባ ላይ የሚወጣው ደንብ ግን ከማንም ጋር ድርድር አያስፈልገውም፤ ሥልጣኑን አዋጁ ሰጥቷል፣ ከላይ ያለው የስምምነት ቁጥር 189 ዓረፍተ ነገርም ሳይለወጥ ሊገባበት ይችላል።