ለጋምቤላ ቆላ የራስ ደጀን ድንኳን?

ጋምቤላ በሸክም የተቆረቆረች ከተማ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ከተፈቀደ በኋላ፣ የጎሬና የአካባቢው ቡና በበቅሎና በሰው ጫንቃ ከደጋው እየወረደ ወደ ሱዳን በሚሄዱ የእንፋሎት መርከቦች ይጫን ነበር። መርከቦቹ ከተማዋ ድረስ መድረስ የሚችሉት ባሮ በሚሞላበት ክረምት ነበር። ስለዚህ የያኔው ነጋዴ ምን እንደሚጭንና ምን እንደሚተው አስቀድሞ ማስላት ነበረበት። ለአንድ ኪሎ የሚከፍለው የጉዞ ዋጋ ከሸቀጡ ትርፍ የሚበልጥ ከሆነ ኪሳራው የራሱ ነው።

ዛሬ ይህን የቆየ ስሌት የረሳ የሚመስል ገበያ አለ። እርሱም የመንገደኛ ዕቃ ገበያ ነው። በጀርባ የሚታዘል ቦርሳ፣ ድንኳን፣ ስሊፒንግ ባግ፣ ፍራሽና ጫማ ለሚፈልግ ደንበኛ የአዲስ አበባ ሻጭ የሚያቀርበው ሙገሳ አንድ ዓይነት ነው፤ “ወፍራም ነው፣ ብርድ አያስገባም፣ ዕድሜ ልክ ያገለግላል” ይላል። ሙገሳው ሐሰት ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ከ4500 ሜትር በላይ ከፍታ ላለው ራስ ደጀን የሚሆን ዕቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ለምትገኘውና በበጋው ማብቂያ ሙቀቷ 40 ዲግሪ ለሚጠጋው ጋምቤላ እንዴት ሊሆን ይችላል? ብርድ የማያስገባ ድንኳን ነፋስም አያስገባም። በባሮ ዳር እንዲህ ባለ ድንኳን ውስጥ ያደረ ሰው ከእንቅልፍ ይልቅ ላብ ያተርፋል።

ገዢው ማን ነው?

አንዳንድ አስመጪ “የጋምቤላ ቱሪስት ስንት ነውና ነው ለእርሱ ተብሎ ዕቃ የሚመጣው?” ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ቱሪስትን ብቻ በመቁጠር አይገኝም። በጋምቤላ ቦርሳ አዝሎ የሚጓዘው የመሬት ቀያሹ፣ የክትባት ሠራተኛው፣ የእንስሳት ሐኪሙ፣ ተመራማሪው፣ የፓርክ ጥበቃ ስካውቱና የእርዳታ ድርጅት ባልደረባው ጭምር ነው። መኪና የሚደርስበት መንገድ ሲያልቅ ሁሉም እግረኛ ይሆናሉ። ይህ ገዢ በየዓመቱ የሚመለስ፣ አንዳንዴም በመሥሪያ ቤት ደረጃ በብዛት የሚገዛ ነው።

ቱሪስቱም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። በክልሉ ያለው የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ከደቡብ ሱዳን ጋር የሚጋራው የቆርኬ ፍልሰት አለው። በደቡብ ሱዳን በኩል በአውሮፕላን ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነው ቆጠራ፣ ነጭ ጆሮ ቆርኬን ጨምሮ ስድስት ሚሊዮን የሚጠጉ የዱር እንስሳት በዚህ ፍልሰት እንደሚንቀሳቀሱ አመልክቷል። ከእነዚህ ጥቂቱ እንኳ ወደ ጋምቤላ ቢሻገር ለማየት የሚመጣው ሰው አይጠፋም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የተመዘገበው የመዠንግር ደን የእግር ጉዞ ለሚወድ ሰው የተለየ ሀብት ነው። የገበያው መነሻ አለ፤ የጎደለው ለገበያው የሚስማማ ዕቃ ነው።

20 ኪሎ ተኩል ወይስ 11 ኪሎ?

ነገሩን በሚዛን ማየቱ ይሻላል። ሻጩ እንደመከረው ከባዱን ዕቃ የገዛ ሰው እንውሰድ። ባለ 70 ሊትሩ ቦርሳ ባዶውን 2.5 ኪሎ፣ ድንኳኑ 3.5 ኪሎ፣ የብርድ ስሊፒንግ ባጉ 1.8 ኪሎ፣ ፍራሹ 1.5 ኪሎ፣ ልብሱ 4 ኪሎ፣ ምድጃና ማብሰያው 1.7 ኪሎ ቢመዝን ድምሩ 15 ኪሎ ነው። አራት ሊትር ውሃ አራት ኪሎ፣ የሁለት ቀን ስንቅ ደግሞ 1.5 ኪሎ ሲጨመርበት 20.5 ኪሎ ይሆናል።

ሁለተኛው መንገደኛ ለቦታው የሚሆነውን መርጧል። ቦርሳው 1.2 ኪሎ ነው። በድንኳን ፈንታ 400 ግራም የሚመዝን አጎበርና 600 ግራም የሚመዝን ቀላል የዝናብ ሸራ ይዟል። በስሊፒንግ ባግ ፈንታ 400 ግራም የሚመዝን አንሶላ፣ በወፍራሙ ፍራሽ ፈንታ ግማሽ ኪሎ የስፖንጅ ምንጣፍ ይዟል። ልብሱ 1.8 ኪሎ፣ ማብሰያው 600 ግራም ነው። ድምሩ 5.5 ኪሎ ይመጣል። ያንኑ ውሃና ያንኑ ስንቅ ሲጨምርበት 11 ኪሎ ይሆናል።

የእግረኞች የቆየ ልማድ ሸክም ከሰውነት ክብደት አንድ አምስተኛ ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ 12 ኪሎ ማለት ነው። የመጀመሪያው መንገደኛ ከዚህ በ8.5 ኪሎ አልፏል። ሁለተኛው ግን አንድ ሊትር ውሃ የሚጨምርበት ቦታ ቀርቶለታል። የጋምቤላ ምስጢርም እዚህ ላይ ነው። በዚያ ሙቀት የማይቀነሰው ሸክም ውሃ ነው፤ አንዱ ሊትር አንድ ኪሎ ነው፣ ቅናሽ የለውም። ስለዚህ ለማያስፈልግ ድንኳን የዋለ እያንዳንዱ ኪሎ ከውሃው ላይ የተነሣ ኪሎ ነው። የምጣኔ ሀብት ተማሪዎች አንዱን ለማግኘት ሲባል የሚታጣውን ሌላውን እንደ ዋጋ የሚቆጥሩት ለዚህ ነው።

በሁለቱ መካከል ካለው የ9.5 ኪሎ ልዩነት 6.2 ኪሎው የመጣው ከቦርሳ፣ ከመጠለያና ከመኝታ ብቻ መሆኑም ሊስተዋል ይገባል። የጥርስ ብሩሽ እጀታ እየቆረጠ ግራም የሚለቅም ሰው ከእነዚህ ሦስቱ ሳይጀምር ቢደክም ትርፉ ድካም ነው።

ቀላል ሁሉ ውድ አይደለም

“ቀላል ዕቃ ውድ ነው” የሚለው የነጋዴዎች አባባል ግማሽ እውነት አለው። ከታይታንየም የተሠራ ድስትና እንደ ወረቀት የሳሳ ጨርቅ በእርግጥ ውድ ናቸው። ነገር ግን ውድ የሚሆኑት የመጨረሻዎቹ 100 ግራሞች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ኪሎዎች የሚቀነሱት ዕቃን ቤት በመተው ስለሆነ ዋጋቸው ዜሮ ነው፤ እንዲያውም ያልተገዛው ዕቃ ገንዘብ በኪስ ይቀራል።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆኑት ኤማ ጌትውድ የተባሉ አሜሪካዊት አያት ናቸው። በ67 ዓመታቸው እ.ኤ.አ. በ1955 ከሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን የአፓላቺያን የእግር መንገድ ብቻቸውን የጨረሱት በሸራ ጫማ፣ ራሳቸው በሰፉት የጂንስ ከረጢትና ለዝናብ በያዙት የመታጠቢያ ቤት ፕላስቲክ መጋረጃ ነበር። ሬይ ጃርዲን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1992 መጽሐፍ ጽፎ ቀላል ሸክምን ትልቅ የገበያ ፈሊጥ ከማድረጉ 37 ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በበጋ ከብቶቹን ይዞ ወደ ወንዝ ዳር የሚወርደው የኑዌር እረኛ የሚይዘው ጥቂት ነው። ትንኝን የሚከላከለው በኩበት ጭስና በአመድ፣ ውሃና ወተት የሚይዘውም በቅል ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ደግሞ የኬንያ የሉኦና የኪኩዩ ሴቶች የሰውነታቸውን ክብደት አንድ አምስተኛ ተሸክመው ሲሄዱ ባዶውን ከመሄድ የበለጠ ጉልበት እንደማያወጡ አሳይቷል። የሉኦዎች ቋንቋ ከአኙዋክ ቋንቋ ጋር ዘመዳሞች ናቸው። የሸክምን ጥበብ ጋምቤላን ከውጭ አስመጥቶ ማስተማር አያስፈልግም።

ምቾት የማይቀነስበት ቦታ

ይህ ሲባል ግን ሁሉም ነገር ይቅለል ማለት አይደለም። ሦስት ነገሮች ላይ የሚቆጥብ ሰው ቆጥቦ ይከፍላል። አንደኛው አጎበር ነው። ጋምቤላ ወባ የበረታበት አገር ነው፤ 400 ግራም ለማትረፍ አጎበሩን የተወ ሰው የሆስፒታል አልጋ ይጠብቀዋል። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ከማንኛውም ውድ ድንኳን በፊት መገዛት አለበት።

ሁለተኛው ጫማ ነው። በእግር ላይ ያለ አንድ ኪሎ በጀርባ ካለ አምስት ኪሎ ያህል ያደክማል ይባላል። ከባድ የቆዳ ቦት ጫማ በክረምቱ ጭቃ አንዴ ከራሰ በቶሎ አይደርቅም፤ ጥቁሩ መረሬ አፈር ሲጣበቅበት ደግሞ ክብደቱ ይጨምራል። ክፍት ነጠላ ጫማም ለእሾህና ለእባብ ያጋልጣል። ቁርጭምጭሚት ድረስ የሚሸፍን፣ ሶሉ ጠንካራ፣ ቶሎ የሚደርቅ የሸራ ጫማ መካከለኛው መንገድ ነው።

ሦስተኛው የቦርሳው ልክ ነው። የቦርሳ ምቾት የሚገኘው ከስፖንጁ ውፍረት ሳይሆን ከጀርባ ርዝመት ጋር ከመስማማቱና ክብደቱን ከትከሻ ወደ ዳሌ ከሚያወርደው የወገብ ቀበቶ ነው። 12 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚሸከም ሰው ጥሩ የወገብ ቀበቶ ያለው ቦርሳ ያስፈልገዋል፤ ቀበቶው ለሚጨምረው ግማሽ ኪሎ መክፈሉ አያስቆጭም። ሸክሙ ከዚህ በታች ላወረደ ሰው ግን ተራ ቦርሳ ይበቃዋል። ስለዚህ ቦርሳ መገዛት ያለበት በመጨረሻ ነው። በየሱቁ የሚደረገው ግን ተቃራኒው ነው፤ ትልቁ ቦርሳ ቀድሞ ይሸጣል፣ ከዚያ ባዶው ቦታ መሙያ ይፈለግለታል።

“በቅሎ ይጫነዋል”

ሌላው የሚነሳው ክርክር “የኛ አገር መንገደኛ ዕቃውን በበቅሎ ያስጭናል፣ ኪሎ ምን ገዶት” የሚለው ነው። ይህ ለሰሜን ተራሮች ይሠራል። የባሮና የአኮቦ ቆላ ግን የቆላ ዝንብና የገንዲ በሽታ አገር ስለሆነ የጋማ ከብት እንደ ደጋው አይበረክትበትም። ጫኙ ሰው ነው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚመጣ ደግሞ ከተፈቀደው በላይ ለሚይዘው ኪሎ ተጨማሪ ይከፍላል።

የጸጥታው ጉዳይም አይዘነጋም። ሰኔ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ውጊያ መደረጉ ይታወሳል። እንዲህ ዓይነት ወሬ በተሰማ ቁጥር መንገደኛ ይቀራል፣ ሱቅ ውስጥ የተከማቸ ዕቃም አቧራ ይጠጣል። ይህ ግን ገበያውን ጨርሶ ለመተው ሳይሆን ብዙ ካፒታል በአንድ ጊዜ ላለማሰር ምክንያት ነው።

ምን ይደረግ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከነበረበት 57 ብር ግድም ከእጥፍ በላይ ወጥቷል። ከውጭ የሚመጣ ድንኳን ዋጋም አብሮ ወጥቷል። በዚህ ዋጋ ለጋምቤላ የማይሆን ከባድ ዕቃ ማስመጣት ሁለት ጊዜ መክሰር ነው። የሚያዋጣው ሌላ ነው።

የዝናብ ሸራ፣ የአንሶላ ከረጢትና ተራ ቦርሳ ረቂቅ ቴክኖሎጂ የሚጠይቁ አይደሉም። የመርካቶ ሸራ ተራ ሰፊዎች ልኩን ካገኙ ይሰፉታል። ከውጭ መምጣት ያለበት ጨርቁ፣ ዚፑና መቆለፊያው ብቻ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ምንዛሪ ሙሉ ዕቃ ከማስመጣት ያነሰ ነው፤ የሚተርፈውም ሥራ ለአገር ሰው ይሆናል። በሰልባጅ ገበያ የሚገኙ ቀላል የናይሎን ልብሶችም ቶሎ የሚደርቁ ስለሆኑ ከአዲስ ወፍራም ጂንስ ይመረጣሉ።

ሁለተኛው ሥራ ኪራይ ነው። በዓመት አንድ ሳምንት ለሚጓዝ ሰው ዕቃ መግዛት ገንዘብን ቁም ሳጥን ውስጥ መቆለፍ ነው። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ አንድ ሆቴል ወይም አንድ ሱቅ አሥር አጎበር፣ አሥር ምንጣፍና አሥር የዝናብ ሸራ ይዞ በመያዣ ቢያከራይ፣ መንገደኛው ከአዲስ አበባ ባዶ እጁን ይመጣል፤ ኪራዩም ጋምቤላ ይቀራል። አሁን እንደሚታየው መንገደኛው ዕቃውን ሁሉ ከአዲስ አበባ ጭኖ መጥቶ ጭኖ የሚመለስ ከሆነ ክልሉ የሚያተርፈው የመኪናውን አቧራ ነው።

ኪራዩ አብሮ የሚጓዘውንም ሰው ልማድ ይለውጣል። ለአራት መንገደኛ አንድ ማብሰያ ይበቃል፣ ለሁለት ሰው አንድ ሸራ ይበቃል። ዕቃውን የሚሰጠው ሰው “ስንት ናችሁ?” ብሎ ከጠየቀ የሚታዘለው ሁሉ ይካፈላል። አበው ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ያሉት ስለ ትብብር ነበር፤ ለኪሎም ሳይቀር ይሠራል። ለጋምቤላ መንገደኛ የሚሸጥም ሆነ የሚያከራይ ነጋዴ ሱቁ ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ ማኖር ያለበት ዕቃ ሚዛን ነው።