አሮጌ ሁሉ አይጣልም

በወጣቶች ኅብረቶቻችን ውስጥ የሚዞር አንድ ቀልድ አለ። አንድ ወንድም ከግቢ ጥግ ለዓመታት የቆመ መኪና ገፍቶ አውጥቶ ማደስ ሲጀምር፣ ጓደኞቹ «ክርስቲያን ከአሮጌ ነገር ጋር ምን ኅብረት አለው?» ይሉታል። ጥቅስም አይጠፋም፤ ሁለተኛ ቆሮንቶስ 5፥17 ይጠራል፤ ሁሉም ይስቃል። ልጁም አብሮ ይስቃል፤ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ መፍቻውን ለማንሳት ያፍራል።

እኔ በዚህ ቀልድ አልስቅም። ቀልዱ ውስጥ ትምህርት ተቀምጧል፤ ትምህርቱም የተሳሳተ ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እርሱን ለመቃወም ነው።

ትምህርቱ በቀልድ ብቻ ቢቆም ባልከፋ። በየጉባኤው መድረክ ላይም ቆሞ እናገኘዋለን። ወጣቱ የሚፈልገውን መኪና ሞዴልና ቀለም ጠቅሶ እንዲጸልይ ይነገረዋል። እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ቁልፉን «በእምነት እንዲቀበል» ይታዘዛል። ያልተቀበለ ደግሞ እምነቱ እንደጎደለ ይቆጠራል። ከዚያ ጉባኤ የወጣ ልጅ በማግሥቱ በጋራዥ በር ሲያልፍ፣ በዘይት የጠቆረ ልብስ የለበሰውን እኩያውን በምን ዓይን ያየዋል? «እኔ ለባለቤትነት ተጠርቻለሁ፤ እርሱ ከመኪና ሥር ይተኛ» ብሎ ነው። ጸሎትን አልቃወምም፤ እግዚአብሔርም ሰጪ ነው። የምቃወመው ቁልፍ መያዝን በረከት፣ መፍቻ መያዝን ግን እርግማን የሚያደርገውን ስብከት ነው።

አዲስ ማለት ምን ማለት ነው?

በመጀመሪያ ጥቅሱን እንመልከት። አዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪክኛ «አዲስ» ለማለት ሁለት ቃላት አሉ። ሁለቱ አንዳንድ ጊዜ ቢቀራረቡም፣ «ኔዎስ» የሚያመለክተው ይበልጥ የዕድሜን አዲስነት ሲሆን «ካይኖስ» ደግሞ የዓይነትን አዲስነት ነው። ጳውሎስ በዚያ ቁጥር የጻፈው «ካይኖስ» የሚለውን ነው። ይህንንም ከራሳችን ሕይወት እናውቀዋለን። ጌታን የተቀበለ ሰው ተጥሎ በምትኩ ሌላ ሰው አልመጣም። ያው ስሙ፣ ያው መልኩ፣ ያው የእናቱ ልጅ ነው። የተጣለው ኃጢአቱ ነው፤ ሰውዬው ግን ታድሷል። በራእይ 21፥5 ያለውን ተስፋም አስተውሉ። በዙፋኑ የተቀመጠው ያለውን ሁሉ አዲስ እንደሚያደርግ ይናገራል፤ ያለውን ጥሎ ሌላ እንደሚገዛ አይናገርም። በዚህ ጥቅስ እየተመኩ በዕድሳት ላይ መሳለቅ ከንባቡ ጋር መጋጨት ነው።

በዕድሳት ላይ መሳለቅ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ታሪክ አለው፤ ግን ከማን ወገን እንደሆነ እዩ። ነህምያ ምዕራፍ 4 ላይ፣ ከፍርስራሽ ክምር የተቃጠለ ድንጋይ እያነሱ የሚሠሩትን አይሁድ ያፌዘባቸው ሰንባላጥ ነው። ምዕራፍ 3 ደግሞ በስም ዝርዝር የተሞላ ነው፤ ወርቅ አንጥረኛው፣ ሽቱ ቀማሚው፣ ሰሎምም ከሴት ልጆቹ ጋር፣ እያንዳንዱ የደረሰውን ቅጥር ጠገነ። በዚያ ዝርዝር ውስጥ በነቀፋ የተጻፉት አንገታቸውን ለሥራ ያላጎነበሱት የቴቁሐ ታላላቆች ናቸው። ሁለተኛ ነገሥት 12ንም ጨምሩበት። ንጉሡ ኢዮአስ በነገሠ በሃያ ሦስተኛው ዓመት እንኳ ካህናቱ የቤተ መቅደሱን ፍራሽ አልጠገኑም ነበር። በኋላ ሣጥን ክዳኑ ተበስቶ ገንዘብ ተሰበሰበ፤ ለአናጢዎችና ለግንበኞችም ተሰጠ። እነዚያ ሠራተኞች ታማኞች ስለነበሩ ሒሳብ እንኳ አልተጠየቁም። የመድረክ ሰዎች ያዘገዩትን የእጅ ባለሙያዎች ፈጸሙት።

ከሐረር እስከ አዲስ አበባ

ከጅጅጋ ተነስቶ ካራማራንና ባቢሌን አልፎ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐረር የገባ ሰው ፔጆ 404ን ሳያውቅ አይቀርም። ዛሬ ባጃጁ ቢበዛም፣ የሐረር ታክሲ ሲባል ለብዙ ዓመታት የሚታወቀው ይህ መኪና ነው። ፋብሪካው ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፤ ቅርጹን የነደፈው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው። 1618 ሲሲ የሆነው ሞተሩ በ45 ዲግሪ ጋደም ብሎ ተቀምጧል። በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 እ.ኤ.አ. አሸንፏል፤ በ1963ም ሆነ በ1968 ውድድሩን የጨረሱት መኪኖች ሰባት ብቻ ነበሩ። ታዲያ ፋብሪካው ሞዴሉን ከተወው ከብዙ ዓመታት በኋላ በሐረር ዳገት ሰው ሲያመላልስ የኖረው ለምንድን ነው? መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ በእጁ ሊደርስበት ስለቻለ፣ የጠፋውን መለዋወጫ ከሌላ መኪና አመቻችቶ ስለገጠመ ነው። ያንን መኪና ያኖሩት ስማቸው በየትም ያልተጻፈ እጆች ናቸው።

አዲስ አበባ ደግሞ ቮልስን ተመልከቱ። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በአየር ስለሆነ ራዲያተር የላትም። የመጨረሻዋ ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ግን ወጣቶች አሁንም እየገዙ፣ እያደሱ፣ ቀለም እየቀቡ ይነዷታል። ይህች መኪና በታሪካችን ውስጥ አንድ ሌላ ትምህርት አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥታቸው ሲያወጣቸው የተሳፈሩት በቮልስ ነበር። ታላላቅ መኪኖች ለነበሯቸው ሰው በዚያች ጠዋት አንዳቸውም አልጠቀሟቸውም። መኪናን የሞገስ መለኪያ አድርጎ የሚሰብክ ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

ዘመኑም የሚያስተምረን አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ብዙ ዓመት ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለ። እንግዲህ አሁን በአገር ውስጥ ያለው የነዳጅ መኪና ተተኪ ሳይጠብቅ ብዙ ዓመት መኖር አለበት። የኤሌክትሪኩም ቢሆን ፍሬን፣ ጎማ፣ መሪና ላሜራ አለው። የሚጠግን እጅ ሥራ አያጣም፤ የሚጠብቅ እጅ ግን ያጣል።

መኪናው የሚያስተምረው

«ጊዜ ማባከኛ ነው» ለሚሉኝ ሥራውን ልዘርዝርላቸው። ለዓመታት የቆመን መኪና ቁልፍ አዙሮ ለማስነሳት የሚጣደፍ ሰው ሞተሩን ይገድለዋል። አዋቂው መጀመሪያ የቆየውን ቤንዚን ያፈሳል። ካንዴላዎቹን ፈትቶ በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ጠብ ያደርጋል፤ ያሳድረዋል፤ ከዚያ ሞተሩን በእጁ ቀስ አድርጎ ያዞራል። የሞተር ዘይቱን ይለውጣል። መኪናው ከቦታው ንቅንቅ ሳይል በፊት ደግሞ ፍሬኑን ይሠራል፤ መቆም የማይችል መኪና መሄድ የለበትምና። ይህን ቅደም ተከተል በትዕግሥት የጠበቀ ወጣት ራስን መግዛትን ከብዙ ስብከት በተሻለ ተምሯል።

ዝገቱ ደግሞ አለ። ሰነፍ ባትላሜራ በዝገት ላይ ስቱኮ ለጥፎ፣ አሸልቶ፣ ቀለም ይቀባዋል። መኪናው ለሦስት ወር ያምራል፤ ከዚያ ዝገቱ ከውስጥ በልቶ ቀለሙን ያነሳዋል። ታማኙ የዛገውን ቆርጦ እስከ ጤናማው ብረት ይደርሳል፤ አዲስ ላሜራ ይበይዳል፤ ፀረ ዝገት ይቀባል፤ ቀለሙ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ስለ ንስሐ ለወጣቶች ሳስተምር ከዚህ የሚሻል ምሳሌ አላገኘሁም። ኃጢአቱን በመዝሙርና በአገልግሎት ብዛት የሸፈነ ሰው ስቱኮ ለጥፏል።

የራሳችን ከተማም የራሷን ትምህርት ትጨምራለች። የጅጅጋ ደረቅ አየር ዝገትን ያዘገያል፤ ፀሐዩ ግን ጎማና የጎማ ቱቦን ይሰነጣጥቃል፤ አቧራው የአየር ማጣሪያውን ይደፍናል። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ1600 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል። ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። መካኒኩ ካንዴላውን ፈትቶ ቀለሙን እያየ ያስተካክላል። ያለንበትን ስፍራ ሳያጠኑ ከሌላ አገር የተቀዳ ስብከት እንዳለ ለሚያመጡልን ሰዎችም ይህ ትንሽ ምክር ይሁናቸው።

ተቃውሞዎቹ

የሚቃወሙኝ ሁሉ ከንቱ ተናጋሪዎች አይደሉም። ሦስት ብርቱ ነጥቦች አሏቸው።

አንደኛው ገንዘብ ነው። አሮጌ መኪና ደመወዝ ሊበላ ይችላል፤ እናቱ ኪራይ እየተጨነቀች ለቸርኬ ብር የሚያፈስ ልጅም ይኖራል። ይህ እውነት ነው፤ መልሱም በሉቃስ 14፥28 አለ። ግንብ የሚሠራ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ይቁጠር። መኪናውን ከመግዛትህ በፊት ሻንሲውን ከሥር ተኝተህ እይ፤ የጎደለውን ጻፍ፤ መለዋወጫው የት እንደሚገኝ ጠይቅ። አቅምህ ካልሆነ ለሦስት ወይም ለአራት ተባበሩ፤ አለዚያም በሌላ ሰው መኪና ላይ ረዳት ሆነህ ተማር። የቤተሰቡን እንጀራ የነካ ዕድሳት ግን ይቁም።

ሁለተኛው ወረቀት ነው። የምንኖረው ለድንበር ቅርብ በሆነ ከተማ ነው፤ ወጫሌ ሩቅ አይደለችም። ቀረጥ ያልተከፈለበት መኪና በርካሽ ሲቀርብ ልብ ይፈተናል። ሊብሬ የሌለውን ወይም የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር የማይገጥመውን መኪና ክርስቲያን አይንካ። የተሰረቀን ነገር ማሳመር ዕድሳት አይባልም።

ሦስተኛው ጣዖት ነው። እሁድ ጠዋት ከጉባኤ ይልቅ ኮፈን ሥር የሚገኝ፣ መኪናው ሲጫር የሚያለቅስ፣ ወንድሙ ሲወድቅ ግን የማይሰማው ሰው መኪናውን አምልኳል። እስማማለሁ። ግን አዲስ መኪናም ይመለካል፤ ስልክም ይመለካል፤ አገልግሎት ራሱም ይመለካል። ለዚህ መድኃኒቱ ልብን መጠበቅ ነው፤ የሥራ ዕቃን በመጣል ልብ አይነጻም።

ጎረቤቶቻችን

ከሁሉ የሚበልጠውን ምክንያት ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ። እኛ በጅጅጋ ጥቂት ነን። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. መጨረሻ በከተማችን የሆነውን ታላላቆቻችሁ ያስታውሳሉ፤ ሰው ሞተ፣ ሱቅ ተዘረፈ፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ያንን ያለፍን ሰዎች ጎረቤትነት በንግግር ብቻ እንደማይጠገን እናውቃለን። ታዲያ ከሶማሊ ወንድሞቻችን ጋር ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን የምንውልበት ስፍራ የት ነው? ገበያ አለ፤ ትምህርት ቤት አለ፤ ጋራዥም አለ። እዚያ ሶማሊው መኪናውን «ጋሪ» ይለዋል፤ አማርኛ ተናጋሪው በቃሉ ይስቃል፤ ከዚያ ሁለቱም «ፍሪሲዮን»፣ «ካምቢዮ»፣ «ካንዴላ» እያሉ ከጣሊያንኛ በመጣው የሙያ ቋንቋ ይግባባሉ። አንዱ ክሪኩን ያነሳል፤ ሌላው ከሥር ይገባል። ከላይ ክሪክ የያዘውን ሰው ሳያምን ከመኪና ሥር የሚገባ የለም። «ወላሎ፣ ያዝልኝ» ማለት እዚያ ቃል ብቻ አይደለም። ወጣቶቻችንን ከዚህ ስፍራ በቀልድና በንቀት የሚያርቅ ትምህርት ምስክርነታችንን ከከተማው መካከል ያወጣዋል።

ስለዚህ ለኅብረት መሪዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። ወደ ውጭ አገር የሚሄደውን ወጣት መድረክ ላይ አውጥተን፣ እጅ ጭነን እንሸኛለን። አዲስ መኪና የገዛው መጥቶ ሲመሰክር እናጨበጭባለን። በዘጸአት 31 እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ መንፈሱን የሞላበት ግን በወርቅ፣ በብርና በናስ፣ በድንጋይና በእንጨት እንዲሠራ ነበር። እንግዲህ ከጋራዥ ወደ ኅብረት የሚመጣውን ልጅ፣ በጥፍሩ ሥር ግራሶ የቀረበትን፣ መቼ ነው በስሙ ጠርተን የምንጸልይለት? በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አድርጉት። መኪናውንም የት እንዳደረሰው ጠይቁት፤ ቅዳሜ ደግሞ ሄዳችሁ ክሪኩን ያዙለት።