ሰማይ እየተከሰሰ እስከ መቼ?

“ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ” ይሉ ነበር አባቶቻችን። ንጉሡ ቀረ፣ ተረቱም ተገለበጠ። ዛሬ በየኤርፖርቱ በማይክራፎን የሚከሰሰው ሰማዩ ነው። “በአየር ጠባይ ምክንያት በረራው ዘግይቷል፤ ይቅርታ እንጠይቃለን!” አለቀ። ዝናቡ የት ነው? እስከ መቼ እንጠብቅ? መልስ የለም። ተከሳሹ አፍ የለው፣ ጠበቃ የለው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። የአየር ጠባይ ቀልድ አይደለም፤ በተለይ በኛ በቦሌ። ቦሌ የተቀመጠው ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ቢሆን ነው። አየር ሲሳሳ ክንፉ የሚደገፍበት ያጣል፤ ሞተሩም ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ሲነሳ ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ ሲያርፍም መሬት የሚነካው በበለጠ ፍጥነት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አውሮፕላን ለዓመታት መንገድ ላይ ወርዶ ነዳጅ ሲቀዳ፣ ሲመለስ ግን በቀጥታ ሲመጣ የኖረው ወዶ አይደለም። ከዚህ ከፍታ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት ስለሚከብደው ነው።

በዚህ ላይ ክረምቱን ጨምሩበት። አስፋልቱ ላይ ውሃ ሲተኛ ጎማው መሬቱን ለቆ በውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ፍሬን ቢረገጥ ሰሚ የለም። በአሜሪካና በአውሮፓ ደንብ ማኮብኮቢያው እርጥብ ይሆናል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ጄት እንዲያርፍበት የሚታቀደው ርዝመት በ15 በመቶ የሚጨመረው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ቶሮንቶ ላይ አንድ የኤር ፍራንስ አውሮፕላን በነጎድጓድና በዶፍ መሐል አርፎ፣ ማኮብኮቢያውን ጨርሶ ገደል ገብቶ ተቃጥሏል። የተሳፈሩት 309 ሰዎች በሙሉ መትረፋቸው ተአምር ነው የተባለው። ስለዚህ ካፒቴኑ “አልነሳም” ቢል፣ ሊያርፍ ሲል ሽቅብ ቢመለስ፣ እኔ በበኩሌ አጨብጭቤ እቀበለዋለሁ። ጠቤ ከዝምታው ጋር ነው።

ለምን ቢሉ፣ ሰማዩ እንደ ድሮው ምስጢር አይደለማ! በየታላላቅ ኤርፖርቱ ያሉ የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች በየሰዓቱ ወይም በየግማሽ ሰዓቱ የነፋሱን አቅጣጫና ፍጥነት፣ የእይታውን ርቀት በሜትር፣ የደመናውን ከፍታ፣ ሙቀቱንና ግፊቱን ለክተው ለዓለም ያሰራጫሉ። ቦሌም “ኤች ኤ ኤ ቢ” በሚል መለያ ከነዚሁ አንዱ ነው። ማኮብኮቢያውም ቢሆን ነጥብ አለው። ከጥቅምት 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ዓለም አቀፍ አሠራር መሠረት አስፋልቱ በሦስት ይከፈልና ለእያንዳንዱ ክፍል ከ0 እስከ 6 ነጥብ ይሰጠዋል። ደረቅ ከሆነ 6፣ ውሃው ከ3 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ 5፣ ከዚያ በላይ ውሃ ከተኛበት 2። እንግዲህ ልብ በሉ! ለአብራሪው በሚሊ ሜትር የሚለካው ነገር፣ ለመንገደኛው ሲደርስ አንድ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ያርፋል።

አንድ ጊዜ፣ የቦታውንም የድርጅቱንም ስም ልተወውና፣ ከአምስት ሰዓት በላይ ወንበር ላይ ተኮልኩለን ዋልን። ማይክራፎኑ የአየር ጠባይ ይላል፤ በመስኮቱ ሌላው አውሮፕላን ይነሳል፣ ያርፋል። አጠገቤ የነበሩ እናት “ልጄ፣ ዝናቡ የኛን ብቻ ነው እንዴ የሚመታው?” አሉኝ። ምን ልበላቸው? እርግጥ ጭጋጉ የምንሄድበት አገር ሊሆን ይችላል። ታዲያ “ጭጋጉ እዚያ ነው” ብሎ መናገር ስንት ብር ያስወጣል?

ነገሩ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የገንዘብም ነው። በአውሮፓ ሕግ አየር መንገድ የመዘግየት ካሳ ላለመክፈል ሰማዩን ቢጠራ፣ ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው። ዝናቡ እውነት ቢሆን እንኳ ምግቡና ማደሪያው አይቀርም። ከሮም ወይም ከፍራንክፈርት ተነስቶ ወደ አገሩ የሚመጣ ወገናችን ይህን ይወቅ። ኢትዮጵያ በተቀበለችው በ1999ኙ (እ.ኤ.አ.) የሞንትሪያል ስምምነትም፣ አየር መንገድ መዘግየት ካስከተለው ጉዳት ነጻ የሚወጣው የሚገባውን እርምጃ ሁሉ መውሰዱን ሲያስረዳ ነው። “በአየር ጠባይ ምክንያት” ብሎ ማይክራፎኑን መዝጋት ማስረዳት ነው እንዴ?

ከገንዘቡም የሚብስ አለ። “ጅብ መጣ!” እያለ መንደሩን ያስሮጠውን እረኛ ታውቁታላችሁ። የሠራተኛ እጥረቱም፣ የብልሽቱም፣ የቅንጅት ጉድለቱም በሰማይ ስም ከተላከከ፣ እውነተኛው ማዕበል የመጣ ዕለት ማን ያምናል? ያላመነ መንገደኛ ይጮኻል፤ ጩኸቱ ሠራተኛው ላይ ያርፋል፣ ከዚያም “ቶሎ በሉ” የሚል ግፊት ይሆናል። ካፒቴን መቼም መቸኮል የሌለበት ሰው ነው።

ስለዚህ የሚመለከታችሁ ክፍሎች፣ የምንጠይቀው ቀላል ነው። በረራ ሲዘገይ ምን እንደተለካ፣ የት እንደተለካ፣ በስንት ሰዓት እንደተለካ ሰሌዳው ላይ ይጻፍልን። ለጠየቀ መንገደኛ ምክንያቱ በወረቀት ይሰጠው። ማኮብኮቢያው ላይ የተጋገረው የጎማ ቅሪት መቼ እንደተጠረገ፣ አስፋልቱ ምን ያህል ፍሬን እንደሚይዝ የተለካው ውጤት በየጊዜው ለሕዝብ ይውጣ።

በጥር 2018 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው የቢሾፍቱ ኤርፖርት ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነውና አየሩ ይሻላል። ደግ ነገር ነው። ዝናቡ ግን ቢሾፍቱም ይዘንባል። ኮንክሪት ሲረዝም መልስ አብሮ ካልረዘመ፣ የሚሰፋው ሰው ያለ ወሬ የሚጠብቅበት አዳራሽ ብቻ ነው።

ቸር ያሰማን!