«ስትወልጂ ነይ» መልስ አይደለም

ሁለተኛ ልጄን አርግዤ አምስተኛ ወሬ ላይ ዳቦ በገመጥኩ ቁጥር ደም እየነካው አስቸገረኝ። ኮምቦልቻ፣ ጎረቤት ቡና ላይ ይህንኑ ሳነሳ የደነገጠ ሰው አልነበረም። «የእርግዝና ነው፣ ስትገላገይ ይተውሻል» አሉኝ። አማቴም «እኔ በሦስተኛው ልጄ ሁለት መንጋጋ አጥቻለሁ፤ ቻል አድርጊው ልጄ» አሉኝ።

ቻልኩት። ደሙን ፈርቼ ጥርሴን መቦረሽ ተውኩ። የሄድኩበት ክሊኒክም «ነፍሰ ጡር አይነካም፤ ስትወልጂ ነይ» ብሎ መለሰኝ። በሰባተኛው ወር ድዴ አብጦ በአንድ ወገን ብቻ ማኘክ ጀመርኩ። ያኔ እህቴ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት አስወጥታ ደሴ ወሰደችኝ።

ደሴ ያየችኝ የጥርስ ሐኪም ጥርሴ ሥር የደነደነውን ቆሻሻ በአንድ ቀጠሮ አጸዳችልኝ። እርግዝና ሆርሞኖችን ስለሚጨምር ድድ ጥርስ ላይ ለሚጋገረው ቆሻሻ ከወትሮው የበለጠ ይቆጣል፤ ያብጣል፣ ይደማል። «መቦረሽ ስትተዪ ቆሻሻው በዛ፤ ደሙም ባሰ» አለችኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ዳቦዬን ያለ ደም በላሁ።

«አይነካም» የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ምክር የጥርስ ምርመራ፣ እጥበት፣ ሆድ ተሸፍኖ የሚነሳ ራጅ እና የማደንዘዣ መርፌ በእርግዝና ጊዜ አደጋ እንደሌላቸው አስታውቋል። ለእናቲቱ የሚመቸው ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ያለው ጊዜ ነው፤ የሚያምና የሚያብጥ ድድ ግን ወር አይጠብቅም። ጥንቃቄው መድኃኒት ላይ ነው። ዶክሲሳይክሊን፣ ቴትራሳይክሊን ወይም አይቡፕሮፌን በራስ ፈቃድ ገዝቶ መዋጥ አይገባም።

የድድ በሽታ ያለጊዜው ከመውለድ ጋር እንደሚያያዝ ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። ድድን ማከም ብቻውን ይህን ያስቀራል ብዬ ግን ለእናቶች ቃል አልገባም። አንዲት ነፍሰ ጡር ያለ ሕመም እንድትበላ ማድረግ በራሱ በቂ ምክንያት ነው።

በእርግዝና ክትትሌ ሁሉ ክብደቴና የደም ግፊቴ ተለክቷል፤ ደሜና ሽንቴ ተመርምሯል፤ የደም ማነስ ክኒንም ተሰጥቶኛል። አፌን ያየ ግን የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ ስምንት ጊዜ እንድትታይ ይመክራል። ከስምንቱ በአንዱ «ድድሽ ይደማል?» ብሎ መጠየቅ መሣሪያም በጀትም አይፈልግም።

እህቶቼ፣ ሲደማ መቦረሽ አትተዉ። በቀን ሁለቴ፣ በለስላሳ ቡርሽና ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና አጽዱ። መፋቂያ የምትጠቀሙም ጫፉን አላምጣችሁ አለስልሱት። ካስመለሳችሁ መጀመሪያ በውኃ ተጉመጥመጡ፤ ቡርሹ ለአንድ ሰዓት ይቆይ።

እናቶቻችን ሆይ፣ በወሎ ቡና አፍልታችሁ ለነፍሰ ጡር ዱዓ ታደርጋላችሁ፤ ትመርቃላችሁ። ከምርቃቱ በኋላ «ቻል አድርጊው» ማለቱን ትታችሁ «ሐኪም ጋ ሂጂ» በሏት። ባለሙያዎችም «ስትወልጂ ነይ» ብላችሁ አትመልሱን።