ሸምቀቆ ይከልከል ወይስ ይመዝገብ?

ይከልከል

ሻሸመኔ ውስጥ ባጃጅ የሚጠገንበት ጋራዥ ደጃፍ ላይ የተጣለ የፍሬን ካቮ ማንም አንስቶ ይወስደዋል። አንዱ ጫፍ ታጥፎ ቀለበት ይሆናል፤ ሌላው በቀለበቱ ውስጥ አልፎ ከግራር ግንድ ጋር ይታሰራል። አለቀ፣ ሸምቀቆ ሆነ። ከርከሮ በሚሾልክበት የአጥር ቀዳዳ ላይ ይዘረጋል፤ ማን እንደሚገባበት ግን አይመርጥም። የእኔ ክርክር ከዚህ ይነሳል።

ወደ ሀላባ በሚወስደው መንገድ፣ በአጄ በኩል፣ የሰንቀሌ የቆርኬ መጠለያ አለ። ስፋቱ 54 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዙሪያውን እርሻና ግጦሽ ከቦታል። የስዌይን ቆርኬ ዛሬ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኝም። በ1960ዎቹ እዚህ በሺህ ይቆጠር የነበረው መንጋ ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ወደ መቶዎች ወርዶ ነበር። እንዲህ በሳሳ ዘር አጠገብ «ለከርከሮ ብዬ ነው» የሚል ሰው እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ሽቦው ግን አይሰማውም።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ገበሬው ግን ማሳው ዳር ያሰረውን ሽቦ እንደ አደን አይቆጥረውም፤ ሹሙም አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ሸምቀቆን በስሙ ጠርቶ መሥራቱንም መዘርጋቱንም የሚከለክል ድንጋጌ ያስፈልጋል።

ይመዝገብ

ጋሼ፣ እርስዎ የጻፉት ስለ ቆርኬ ነው፤ እኔ ያደግሁት ድንች ማሳ ላይ ነው። ከርከሮና ጃርት ሌሊቱን ሲቆፍሩት ያደሩትን መደብ ጠዋት አይተውት ያውቃሉ? የሚበሉት ግማሹን ነው፤ የቀረው ተነክሶ፣ ተጎርዶ፣ ገበያ የማይወጣ ሆኖ ይገኛል። ቀኑ ደግሞ የዝንጀሮ ነው። በቆሎ እሸት ሲይዝ ልጆች ከትምህርት ቤት ይቀሩና ወንጭፍ ይዘው ማማ ላይ ይውላሉ፤ ሲመሽ አባት ይተካቸዋል። ለዚህ ሁሉ ጉዳት ካሳ የሚከፍል መሥሪያ ቤት የለም። ሸምቀቆውን ሲነጥቁት ገበሬው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ መርዝ ይነሰንሳል። መርዝ ደግሞ ከርከሮውን ብቻ ሳይሆን ውሻውንም፣ ጅቡንም፣ ጥንብ አንሳውንም ይፈጃል።

በሌላው ዓለም የሚባለውን አውቃለሁ። ደብሊው ደብሊው ኤፍ እ.ኤ.አ. በ2020 በካምቦዲያ፣ በላኦስና በቬትናም ጥብቅ ሥፍራዎች ከ12 ሚሊዮን በላይ ሸምቀቆ እንዳለ ገምቷል። እዚያ ሽቦውን የሚያዘረጋው የሥጋ ገበያ ነው። እኛ ዘንድ ታንቆ የሞተውን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይቀምሰውም፤ ከርከሮማ ከነነፍሱ ቢያዝም ለማንም አይሆንም።

እኔ የምለው ገበሬው ቀበሌ ይመዝገብ፤ ሽቦው ላይ ቁጥር ይታሰርበት፤ አንገት እስኪያንቅ እንዳይጠብቅ ማቆሚያ ቋጠሮ ይኑረው። ከራሱ ማሳ ውጭ አይዘርጋ፤ ማለዳ ማለዳ ይፈትሸው፤ አዝመራው ሲነሳ ይንቀለው። ሰንቀሌን በሚያዋስኑ ቀበሌዎች ደግሞ ከነጭራሹ አይፈቀድ፤ በዚህ እንስማማለን።

የከልካዩ መልስ

ወንድሜ፣ ይህን ሐሳብ ስኮትላንድ ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣችው ሕግ አጥማጁ ሠልጥኖ መለያ ቁጥር እንዲያወጣ፣ ቁጥሩም ሽቦው ላይ እንዲታሰር አዘዘች። ፍተሻውም በየ24 ሰዓቱ ነበር። በ2024 ሁሉንም ትታ ሸምቀቆን ከለከለች፤ ዌልስ በ2023 ቀድማታለች። ባለሙያና ተቆጣጣሪ ያላቸው አገሮች ያልተወጡትን፣ ለማዳበሪያ የመዘገበውን ገበሬ ስም የሚያምታታ ቀበሌ እንዲወጣው ትጠብቃለህ?

ስለ ሥጋው ያልከው ደግሞ ግማሹን ነው። ታንቆ የሞተ አይበላም፤ ነፍሱ ሳትወጣ የተደረሰበት ድኩላ ግን ተባርኮ ይታረዳል። አንተ የጻፍከው የማለዳ ፍተሻና የማያንቅ ቋጠሮ ለሥጋ ፈላጊውም የተመቸ ነው፤ እንስሳውን በሕይወት ያቆይለታል። ከርከሮ ሊከላከል የወጣውን ድኩላ ከሚፈልገው በምን ልትለየው ነው?

በካሳው ነገር ግን እውነቱ ካንተ ጋር ነው። ከአደን ፈቃድ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለማማ ጠባቂው ሊደርስ ይገባ ነበር።

የመዝጋቢው መልስ

የድኩላው ነገር ከበደኝ፤ ማስተባበያ የለኝም። ስኮትላንድ ግን 13 ዓመት ሥርዓት ሠርታ፣ አይታ ነው የከለከለችው። እኛ አንድ ወረዳ ላይ እንኳ ሳንሞክር ወደ መጨረሻው እንዝለል ይሉኛል። ይሁን። ክልከላውና የካሳው በጀት በአንድ ቀን ይጽደቁ ካሉ፣ የጎረቤቶቼን ሽቦ ለቅሜ የማስረክበው እኔ ነኝ። ክልከላው ዘንድሮ፣ ካሳው «ወደፊት እንደ አስፈላጊነቱ» ከሆነ ግን አልፈርምም።