ዳገት ላይ የማይከዳ ሞተር

በአዲስ አበባው ጉለሌ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣው ዳገት ለነዳጅ መኪና ፈተና ነው። አናቱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ስለሚያልፍ አየሩ ይሳሳል፤ አየር ያነሰው ሞተር ጉልበቱ ይከዳዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይሻም። በጥር 2016 ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መከልከላቸው ሲነገር፣ ለጉለሌ ነዋሪ መልካም ዜና ነው ብዬ ያመንኩት ለዚህ ነው። አሁንም አምናለሁ። ይሁንና ክርክራችን ባትሪና ቻርጀር ላይ ቆሞ ቀርቷል። ሞተሩ ዳገት መሃል ቢበላሽ ምን ይሆናል? ማንስ ይጠግነዋል?

አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች በቋሚ ማግኔት ሞተር ይነዳሉ። የኒዮዲሚየም ማግኔት ትንሽ ሞተር ብዙ ጉልበት እንዲሰጥ አስችሏል። ችግሩ፣ ማግኔት አይጠፋም። የሽቦው ቫርኒሽ ተቃጥሎ ጥቅሉ ሾርት ቢያደርግ ባትሪውን መቁረጥ አይበቃም፤ ጎማው እስከዞረ ድረስ ማግኔቱ ራሱ በተበላሸው ሽቦ ውስጥ ከረንት እያመነጨ ያነደዋል። ቁልቁለት ላይ ከሆነ ሹፌሩ ፍሬን ይዞ እስኪያቆመው ጉዳቱ ይቀጥላል።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። መሐንዲሱ ቶማስ ጃንስ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ጥናት እያንዳንዱ ፌዝ (ራሱን የቻለ የሞተሩ ሽቦ ጥቅል) የራሱ ኤሌክትሮኒክስ ይኑረው፣ አንዱ ሲሞት ሌሎቹ ይሥሩ የሚል ሐሳብ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1996 የኒውካስል ዩኒቨርሲቲው ባሪ ሜክሮውና ባልደረቦቹ ይህንኑ በቋሚ ማግኔት ሞተር ላይ አሳዩ። ጥቅሎቹ ተለያይተው ይጠመጠማሉ፤ የአንዱ ሙቀትና መግነጢስ ሌላውን እምብዛም አይነካም። ሾርት ሲፈጠርም ከረንቱ ከመደበኛው እንዳያልፍ የጥቅሉ አሠራር ራሱ ይገድበዋል። ከስድስት ፌዝ አንዱ ቢጠፋ አምስት ስድስተኛው ጉልበት ይቀራል፤ በዚያ ጉልበት ዳገት ይጨረሳል። በመሪ አጋዥ ሞተሮች ላይ ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ጥቅሎች ማድረግ ዛሬ የተለመደ ነው። ጎማ የሚያዞረው ሞተር ግን በአብዛኛው ባለ ሦስት ፌዝና ባለ አንድ ኢንቨርተር (የባትሪውን ከረንት ለሞተሩ የሚለውጥ መሣሪያ) ነው። ይህ ብልሽት ቻይነት ለእሱም ይገባዋል።

ሌላው ጉዳይ የኢንቨርተሩ ቦታ ነው። ኢንቨርተሩን ሞተሩ አካል ላይ መግጠም ረጃጅም ኬብሎችንና ማገናኛዎችን ያስቀራል፤ እነሱም የብልሽት ምንጭ ስለሆኑ ጥቅሙ እውነተኛ ነው። የቻይናው መኪና አምራች ቢዋይዲ እ.ኤ.አ. በ2021 ያስተዋወቀው ሥርዓት ሞተሩን፣ ማርሹን፣ ኢንቨርተሩን፣ ቻርጀሩን ጭምር ስምንት ክፍሎች በአንድ አካል ይዟል። ነገር ግን ካፓሲተሩና ትራንዚስተሩ የጋለ ጥቅል ጎረቤት ይሆናሉ። በእኛ ከፍታ ደግሞ የሳሳ አየር ከፍተኛ ቮልቴጅን የመከልከል አቅሙ ይቀንሳል። ዓለም አቀፉ የኢንሱሌሽን ደረጃ በአየር የሚለያዩ ክፍሎችን ርቀት የተመነው እስከ 2,000 ሜትር ነው፤ በ3,000 ሜትር ርቀቱ በ14 በመቶ እንዲሰፋ ይጠይቃል። ሁሉን ነገር ማጠጋጋት ዋና ዓላማው በሆነ ንድፍ ውስጥ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

የከተማችን ሞተር ጠምጣሚዎች የወፍጮና የውሃ ፓምፕ ሞተር ፈትተው፣ የሽቦውን ዙር ቆጥረው፣ እንደ አዲስ ያስነሳሉ። እንዲህ በአንድ የታሸገው አካል ግን ይህን ሙያ ደጅ ያስቀረዋል፤ አንድ ትራንዚስተር ሲቃጠል ሙሉው ይቀየር ይባላል። መለዋወጫ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ደግሞ እናውቃለን፤ በመስከረም 2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡራችን ከነበሩት 41 ባቡሮች ብዙዎቹን መለዋወጫ አጥቶ ማቆሙን አይተናል።

ስለዚህ የሚያሻን እያንዳንዱ ፌዝ ከነኤሌክትሮኒክሱ እንደ መሳቢያ የሚወጣበት ሞተር ነው። ፈቃድ ሰጪው አካል መኪናው አንድ ፌዝ ተቆርጦበት፣ ሙሉ ጭኖ ዳገት ሲወጣ ይፈትን። አስመጪውም የተበላሸውን ክፍል ለብቻው ለመሸጥ፣ የብልሽት ኮዱንም ለማንኛውም ጋራዥ ክፍት ለማድረግ በውል ይገደድ።