ኮምፒዩተሮቹን ማን አሳሳታቸው?

በዚህ ዓምድ የፍቅርና የትዳር ጣጣ ስንፈታ ከርመናል። የዛሬው ደብዳቤ ግን ከመተማ ዮሐንስ የመጣ የሽቦ ጣጣ ነው። ሽቦ ይሁን እንጂ የአንድ ወጣት እንጀራ ተንጠልጥሎበታልና ማለፍ አልቻልኩም።

ልጁ የሚሠራው በአንድ የኮምፒዩተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ከጥቂት ሳምንት ወዲህ ከስድስቱ ኮምፒዩተሮች ግማሾቹ ኢንተርኔት ያገኛሉ፣ ግማሾቹ ድርቅ ይላሉ። ትናንት ሲሠራ ያመሸው ዛሬ ጠዋት ሲበራ እምቢ ይላል። አሠሪው ወይዘሮ «አንተ ነካክተህ ነው ያበላሸኸው» ብለው የወር ደመወዙን ያዙበት። በደብዳቤው መሐል፣ እግረ መንገዱን፣ የእህታቸው ልጅ ለስልኩ ዋይፋይ እንዲሆነው አንዲት ትንሽ ሣጥን አምጥቶ መሰካቱን ይጠቅሳል። ወንድሜ፣ ነገሩ ያለው እዚያች መሥመር ላይ ነው!

ላስረዳህ። ኮምፒዩተር አብረውት ከተሰኩት ጋር በቀጥታ ያወራል። ወደ ውጪ ለመሄድ ግን መውጫ በር የሚሆነው ራውተር ያስፈልገዋል፤ «ዲፎልት ጌትዌይ» የሚሉት ይኸው ነው። በሩን ማን ይነግረዋል? መናኸሪያ ሄደህ ታውቃለህ። ወይ ረዳቱ «ገንዳ ውኃ! ጎንደር!» እያለ ሲጮህ ትሰማለህ፣ ወይ «የጎንደር መኪና የቱ ነው?» ብለህ ትጠይቃለህ። በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው የራውተር ማፈላለጊያ ደንብም ቁርጥ እንደዚሁ ነው። ራውተሩ በየ7 እስከ 10 ደቂቃው «እዚህ ነኝ» ይላል፤ አዲስ የበራ ኮምፒዩተር ደግሞ ሳይጠብቅ ይጠይቃል። የተነገረው ለ30 ደቂቃ ይጸናል፣ ካልታደሰ ይሰረዛል። አዲሱ አይፒ ቨርዥን 6 ዛሬም የሚተዳደረው በዚሁ ጩኸት ነው።

እንደናንተ ባለ ቤት ግን በብዛት የሚሠራው ዲኤችሲፒ ነው፤ ከረዳቱ ይልቅ ትኬት ቆራጩን ይመስላል። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ «ቁጥር ስጡኝ» ብሎ ይጣራል፤ የመለሰለት ቁጥሩንም በሩንም አብሮ ይሰጠዋል። ጉዱ ቆራጮቹ ሁለት ሲሆኑ ነው። ኮምፒዩተር የዋህ ነው፣ መታወቂያ አይጠይቅም፤ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የመለሰለትን ያምናል። የልጁ ሣጥንም «በሩ እኔ ነኝ» ትላለች፤ ከኋላዋ ግን መንገድ የለም። በናንተ ከተማ «መንገዱን እኔ አውቀዋለሁ» ያለ ደላላ አምኖ በረሃ የቀረውን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ።

የሣጥኗስ ስሕተት ነው፤ ተንኮልም አለ። በነሐሴ 1999 እ.ኤ.አ. ሎፍት የተባሉ አሜሪካውያን፣ ዊንዶውስ 95 እና 98 የሐሰት የራውተር ጩኸት አምነው የሰውን መልእክት በሌላ እጅ ሊያሳልፉ እንደሚችሉ አጋልጠው ነበር።

አሁን ምን ታደርጋለህ? ከሚሠራውም ከማይሠራውም ኮምፒዩተር ላይ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ክፈትና «አይፒኮንፊግ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍ። «ዲፎልት ጌትዌይ» ከሚለው ፊት ያለውን ቁጥር ገልብጥ። ቁጥሮቹ ከተለያዩ ጥፋተኛዋ ተያዘች። አንድ ዓይነት ቢሆኑም ገና ነፃ አልወጣችም፤ ፋብሪካዎች አንዱን ቁጥር በየሣጥኑ መደጋገም ይወዳሉ። ሣጥኗን ንቀልና ኮምፒዩተሮቹን አጥፍተህ አብራ።

ይህን ግን ብቻህን እንዳታደርገው። ወይዘሮዋ ባሉበት፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ይሁን። ልጁን «አንተ ነህ» ብለህ አታሳፍረው፤ እሱም አላወቀም። ቁጥሮቹን አሳያቸው፣ ሽቦውን በፊታቸው ንቀል፣ ከዚያ ደመወዝህን ጠይቅ። እምቢ ካሉ የሚያከብሩትን ሽማግሌ ላክባቸው። ልጁም ዋይፋዩ አይቀርበትም፤ የሣጥኗን ዲኤችሲፒ አጥፍተህ ከሌላው የማይጋጭ ቁጥር ከሰጠሃት እዚያው ተሰክታ ትሠራለች። የሆነውን ጻፍልኝ።